ምርጫዎቹን ሸፍኚ

እሑድ ከአምልኮ ተመልሼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ነበር የደወልኩት። ስልኩ ለረጅም ጊዜ ጠራ። ልዘጋው ስል ተነሳ፤ ያነሳችው ግን የማላውቃት ሴት ነበረች። ከኋላዋ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደበድብ ይሰማል።

«እትዬ ዘይነባን ፈልጌ ነበር» አልኳት።

«ማን ልበል?»

«ከአዲስ አበባ፣ ከጀሞ ነው። የምሕረት እናት ነኝ።»

«አልሰማሽም ማለት ነው» አለችኝ። «ሐሙስ ቀበርናቸው እኮ።»

«መቼ?» አልኩ፣ አሁን እየነገረችኝ።

«ሐሙስ። ንጋት ላይ አርፈው ረፋድ ላይ ቀበርናቸው።» ከዚያ እሷው ቀድማ፣ «አላህ ያጽናሽ» አለችኝ። እኔ ነበርኩ ልላት የሚገባኝ። «አሜን» ብቻ አልኩ፤ መስመሩም ተቋረጠ። እኔ ልዝጋው፣ እሷ ትዝጋው፣ ኔትወርክ ይጥፋ፣ አላውቅም።

መጠየቅ የነበረብኝን አልጠየቅኳትም። ረቡዕ ከቀኑ በአሥር ሰዓት በዚያ ስልክ ላይ አንድ መልእክት ልኬ ነበር። የኔ ስልክ «ደርሷል» ይላል። ለስልኩ መድረሱን ነው የሚነግረኝ፤ ለሰውየዋ መድረሱን አይነግረኝም። መልእክቱ ለእትዬ ዘይነባ ተነብቦላቸው ነበር ወይ? የምፈልገው ይህችን ብቻ ነው። ከዚያ እሑድ ወዲህ ስንት ጊዜ ደወልኩ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ስለዚህ እጽፋለሁ።

እትዬ ዘይነባ ከብሎካችን ሥር ፎቶ ኮፒ የሚያነሱባትና ደብተር እስክሪብቶ የሚሸጡባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻቸው። ዕድሜያቸውን በመንግሥት ትምህርት ቤት ሳይንስ ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አገራቸው ከቡታጅራ ወዲያ የሆነ ሴት ናቸው። አጭርና ቀጭን ነበሩ፤ ሻርፓቸውን ከአገጫቸው ሥር በመርፌ ቁልፍ ይይዙታል። ደብተር ሊገዛ የመጣን ልጅ «ዛሬ ምን ተማርክ?» ሳይሉ አይሸጡለትም። ልጁ «ብዙ ነገር» ካለ ደብተሩን ወደ መደርደሪያው ይመልሱታል።

«ብዙውን ተወውና አንዱን ንገረኝ።»

ልጆቹ ይህን ስለሚያውቁ ሱቁ በር ላይ ቆመው እርስ በርስ «አንተ ምን ልትላት ነው?» ሲባባሉ እሰማ ነበር።

እኔ የወላይታ ሶዶ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ ከቤት ይልቅ መንገድ ላይ ያድራል። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በር ከበር ፊት ለፊት ነው፤ ግን ሁሉም ጠዋት ቆልፎ ይወጣል፣ ማታ ቆልፎ ይገባል። በወላይትኛ የማወራው ከእናቴ ጋር በስልክ ብቻ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ጸሎት አለ እንጂ፣ የገዛ ድምፄን የምረሳበት ሳምንት ሞልቶ ነበር።

ልጃችን ምሕረት አምስተኛ ክፍል እያለች የልብ ሕመም ተገኘባት። ቶንሲል ነው እያልን ስናሳልፈው የቆየነው ነገር ልቧ ላይ ወጥቶ ነው አሉን። ሐኪሙ ደረጃ እንዳትወጣ ከለከላት። ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ማለት ከቤት አትውጣ ማለት ነው። የትምህርት ቤቷ ርእሰ መምህርት የሐኪሙን ወረቀት አይተው፣ ስሟ መዝገብ ላይ እንዲቆይና ቤት ተምራ የስድስተኛ ክፍልን ከተማ አቀፍ ፈተና እንድትፈተን ፈቀዱ። ፈተናውን ከወደቀች ግን ጓደኞቿ ሰባተኛ ሲገቡ እሷ ትቀራለች። ምሕረት ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። «ታዲያ ማነው የሚያስተምረኝ?» ብቻ አለች።

አማርኛውንና ሒሳቡን እየተንገዳገድኩም ቢሆን እይዘዋለሁ ብዬ ነበር። ሳይንሱ አስፈራኝ። በምን መጽሐፍ ላስተምራት? ሦስት ዓይነት ሰበሰብኩ። አንደኛው የቤተ ክርስቲያናችን እህት፣ አስቴር፣ ውጭ ካለች ዘመዷ ያስመጣችልኝ ነው፤ ልጆቻቸውን ቤት ለሚያስተምሩ ክርስቲያን ወላጆች ተብሎ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ፣ ሥዕሉ የሚያበራ፣ በየምዕራፉ መግቢያ ጥቅስ ያለበት። ሁለተኛው ከሀይሌ ጋርመንት ሰፈር የገዛሁት ወፍራም የጥያቄና መልስ ጥራዝ ነው። ሦስተኛው ከትምህርት ቤቱ የተዋስኩት የከተማው የአካባቢ ሳይንስ መማሪያ ነው፤ ወረቀቱ ስስ፣ ሥዕሉ ደብዛዛ።

ልቤ ከመጀመሪያው ጋር ነበር። የአስቴር መጽሐፍ እንዳይበላሽ ብዬ ኮፒ ላስነሳው ይዤው ወረድኩ። እትዬ ዘይነባ ሦስት ገጽ አነሱና ማሽኑን አቆሙ።

«ይሄ ለማን ነው?»

«ለልጄ። ቤት ነው የምትማረው።»

«ማን መረጠው?»

«ጸልዬበታለሁ» አልኩ።

«ጥሩ። ጸልየሽበታል። አንብበሽዋልስ?»

ፈተናው በአማርኛ መሆኑን ያሰብኩት ያኔ፣ እዚያ ሱቅ በር ላይ ነው። ስለ ልጄ ሁሉን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ላያት እፈልጋለሁ» አሉ።

«አራተኛ ፎቅ ነው እኮ» አልኳቸው፣ ይተዉታል ብዬ።

«ደረጃ የተከለከለችው እሷ ናት። እኔን ማን ከለከለኝ?»

በማግስቱ መጡ። ሲወጡ የሱቃቸውን ቁልፍ በየፎቁ አንድ ጊዜ በደረጃው ብረት ላይ ይመታሉ፤ ኪንን። ጉልበታቸውን የሚያሳርፉበት ዘዴ ነበር። ምሕረት ከጥቂት ቀን በኋላ በሩን ከፍታ ጆሮዋን ብረቱ ላይ ታደርግና «አንደኛ ፎቅ ደርሰዋል!» ትለኛለች፤ ለእኔ ገና ምንም ሳይሰማኝ። እትዬ ዘይነባ ይህን ሲያዩ ዝም ብለው አላለፉትም።

«ለምን ነው አንቺ ቀድመሽ የሰማሽኝ?»

«ብረት ስለሆነ?»

«ስለሆነ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እኔ ነኝ ጠያቂዋ።»

ድምፅ በብረት ውስጥ ከአየር ይልቅ እንደሚፈጥን እኔም ከልጄ ጋር በዚያው ደረጃ ላይ ተማርኩ።

ያን የመጀመሪያ ቀን ሦስቱን መጻሕፍት ጠረጴዛ ላይ አስደረደሩኝ። ከቦርሳቸው የቆየ የፈተና ወረቀት አወጡና ለምሕረት አሥር ጥያቄ መረጡላት። «የእያንዳንዱን መልስ ከሦስቱ መጻሕፍት ፈልጊ። ስታገኚው መጽሐፉን ዝጊና ለእናትሽ ንገሪያት። እናትሽ ከገባት መጽሐፉ ጥሩ ነው።»

«እኔ?» አልኩ። «እኔ ሳይንስ አላውቅም እትዬ።»

«ለዚህ ነው የመረጥኩሽ።»

ሁለት ሰዓት ፈጀ። የውጩን መጽሐፍ ሲያገላብጡ፣ ልጆች በረዶ በብርጭቆ ሰብስበው ሲቀልጥ የሚለኩበት ገጽ ላይ ቆሙ።

«ምሕረት፣ በረዶ እንደ ጥጥ ሲወርድ አይተሻል?»

«በቴሌቪዥን።»

«ፈተና አውጪውም ያየው በቴሌቪዥን ነው፤ አይጠይቅሽም።»

ከወፍራሙ ጥራዝ ደግሞ ከአሥሩ የሦስቱን መልስ ስህተት ሆኖ አገኙት። የከተማው መጽሐፍ የአሥሩንም መልስ ይዞ ነበር፤ ግን ምሕረት ሁለቱን አንብባ ለእኔ ማስረዳት አቃታት፣ እኔም አልገባኝም። እትዬ ዘይነባ ይህን አይተው ወሰኑ። ቃሉና ይዘቱ ከከተማው መጽሐፍ፣ ሙከራው ከውጩ መጽሐፍ፣ ወፍራሙ ጥራዝ ደግሞ ስህተት ለመልቀም። «ስህተት የምትለቅም ልጅ መልስ አትሸመድድም» አሉ።

እኔ ግን ጥቅሱ አሳሰበኝ። ያን መጽሐፍ ወደ ጎን ማድረግ እምነቴን ወደ ጎን ማድረግ መሰለኝ፤ ያውም በሙስሊም ሴት ምክር። እንዴት እንደምለው ጨንቆኝ ስጀምር ስተወው ቆየሁ። ገባቸው።

«ጥቅሱን አንቺ አንብቢላት። ለሱ እኔ አላስፈልግም። ዘር እንዴት እንደሚበቅል እኔ አሳያታለሁ። የዘሩን ባለቤት ሁለታችንም እናውቀዋለን።»

በዚህ ተጀመረ። በሳምንት ሦስት ቀን ሱቃቸውን ከሰዓት በኋላ ዘግተው ይመጡ ነበር። ምሕረት «ቲቸር» ትላቸዋለች። ክብሪት ሲጭሩ «ቢስሚላህ» ይላሉ። አንድ ቀን ክብሪቱን ለእሷ ሰጧት፤ ልጄ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝና «በኢየሱስ ስም» ብላ ጫረችው። እትዬ ዘይነባ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «በርቷል አይደል? እንቀጥል» አሉ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም ይበልጥብኛል። ከሻይ ቅጠል ካርቶን የቆረጧት፣ ጣት የምታህል ቁራጭ ነበረቻቸው። ጥያቄ ሲሰጧት ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የሚለውን በዚያች ካርቶን ይሸፍኑታል። «ምርጫዎቹን ሸፍኚ። መጀመሪያ ከራስሽ መልሺ፣ ከዚያ ፊደሉን ፈልጊ። ምርጫውን አስቀድመሽ ካየሽ የምታውቂውን ትተሽ የሚያምርሽን ነው የምትመርጪው።» ልጄ ስትቸኩል እጇን ቀስ ብለው መታ ያደርጉታል። «ገባኝ» ስትላቸው ደግሞ፣ «ገባኝ አትበይኝ፤ አስረጂኝ» ይላሉ።

የማፍርበትንም ልጻፍ።

በከተማው መጽሐፍ ውስጥ የልጆች አካል በጉርምስና ጊዜ እንዴት እንደሚለወጥ የሚያሳዩ ሁለት ገጾች ነበሩ። ምሕረት አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ገጾቹን አንድ ቀን እሷ ስትተኛ በዱቄት ሙጫ አጣብቄ ከባድ ዕቃ ጫንኩባቸው። ሲደርቅ አንድ ገጽ መሰለ። በእጄ ሥራ ጠንቃቃ ነኝ፤ ልብስ ፋብሪካ ስፌት እቆጣጠር የነበርኩ ሰው ነኝ።

እትዬ ዘይነባ አገኙት። በሁለት ጣታቸው ገጹን ዳበሱና የገጽ ቁጥሩን አዩ። ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር፤ ማጣጠፌን ቀጠልኩ።

«ምሕረት፣ ማንቆርቆሪያ ጣጂ። ዛሬ እንፋሎት ነው የምንማረው።»

«ተምረነዋል እኮ ቲቸር።»

«ሥራ ሲሠራ አላየሽውም።»

ውሃው ሲፈላ ገጹን ከማንቆርቆሪያው አፍ በላይ ያዙት። ወረቀቱ ረጠበ፣ ላላ፣ ከጠርዙ ጀምሮ ቀስ ብሎ ተላቀቀ። አንዲት ፊደል አልተቀደደችም። ምሕረት ሥዕሉን አየች፤ ከዚያ እኔን።

«እማዬ፣ አንቺ ነሽ የለጠፍሽው?»

እትዬ ዘይነባን ወደ ወጥ ቤት ጠራኋቸው። «እትዬ፣ እኔ ልጄን የማሳድግበት ሥርዓት አለኝ።»

«እኔም ሴት ልጅ አሳድጌያለሁ፤ ሥርዓት አለኝ።»

«አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው!»

«እኮ! ፈተና አውጪው አንቺ የለጠፍሽውን አያውቅም። አካሏም አያውቅም። ልቧ ታመመ እንጂ ማደጓ አልቆመም።» ከዚያ ምሕረት እንዳትሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወይስ አታድግም ብለሽ ነው የለጠፍሽው?»

ይህን እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔም ተንበርክኬ እንኳ ለአምላኬ ተናግሬው አላውቅም። ምን እንዳልኳቸው በትክክል አላስታውስም፤ በሩን እንዳሳየኋቸው ግን አስታውሳለሁ። ማታ «ምሕረት ደክሟታል፤ ለጊዜው አይምጡ» ብዬ መልእክት ላክኩላቸው። ልጄ አልደከማትም ነበር። ዋሸሁ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቁልፉ ብረቱን ሲመታ ሰማሁ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ፎቅ። በራችን ላይ ሲደርሱ አላንኳኩም። ከበሩ ሥር አንድ ወረቀት ገባ። ምሕረት ሮጣ... አይ፣ መሮጥ አይፈቀድላትም፤ ፈጥና ሄዳ አነሳችው። አንድ ጥያቄ ነው፤ ምርጫ የለውም። በበሩ ቀዳዳ አጠገብ አፏን አድርጋ መልሱን ተናገረች። ከውጭ ቁልፉ አንድ ጊዜ በሩን ነካው። ልክ ነሽ ማለት ነው። ሌላ ቀን ተሳሳተች፤ ሁለት ጊዜ ነካው። እንደገና አሰበችና መለሰች፤ አንድ ጊዜ።

እኔ ወጥ ቤት ቆሜ እሰማለሁ። በሩን ልክፈት እላለሁ፣ ምን ብዬ እላለሁ። እንዲህ ሁለት ሳምንት ሆነ።

አንድ ቀን ምሕረት መለሰች፤ ቁልፉ ግን ዝም አለ። «ቲቸር?» አለች። ዝም። «ተሳሳትኩ እንዴ?» ዝም። ያኔ ሮጬ ከፈትኩት። እትዬ ዘይነባ ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጫማቸውን አውልቀው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ በአፋቸው እየተነፈሱ።

«ጉልበቴ ነው» አሉኝ።

እግራቸው አብጦ ነበር። በአውራ ጣቴ ጫን አደረግኩት፤ ጣቴን ሳነሳ ጉድጓዱ ቀረ። ይህን ምልክት ልጄ የተኛችበት የልብ ሕሙማን ክፍል ውስጥ አይቼዋለሁ፤ ከየትኛው ሕመም እንደሚመጣ አውቃለሁ።

«ይሄ ጉልበት አይደለም እትዬ።»

«አንቺ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንሽ?» ትንፋሻቸው ሲመለስ ወደ ምሕረት ዞር አሉ። «ልክ ነሽ። አንድ ጊዜ ልመታልሽ ስል ቁልፉ ወደቀብኝ።»

ይቅርታ በሉኝ አልኳቸው። «ማንቆርቆሪያውን ጣጂው፣ ሻይ እንጠጣ» ብለው ገቡ። ከዚያ በኋላ ስለዚያ ገጽ አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ገጹን ለምሕረት ያስተማርኳት እኔው ነኝ፤ እሳቸው አጠገባችን ተቀምጠው ጥፍራቸውን እየቆረጡ፣ እንዳላየ ሰው።

ደረጃው እንዳይደጋገምባቸው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንዲመጡና ቀኑን ሙሉ እንዲውሉ ተስማማን። ሐኪም ቤት እንሂድ ብላቸው «ፈተናው ይለፍ» እያሉ ገፉኝ። ውለው የሚሰግዱበት አንድ ንጹሕ አንሶላ አጥፌ አስቀመጥኩላቸው፤ መዝሙሬንም በዚያች ሰዓት እዘጋለሁ። ቤታችን በሰገዱበት የመጀመሪያ ቀን ምሕረት በማግኔት ያሸችውን መርፌ በቡሽ ላይ አድርጋ ውሃ ላይ አንሳፍፋ ነበር። መርፌው ዞሮ ዞሮ ቆመ።

«ቲቸር፣ ሰሜን በዚህ ነው። ለእርስዎ ትንሽ ወደ ምሥራቅ ያዘንብሉ።»

የመካ አቅጣጫ፣ ቂብላው፣ በየት እንደሆነ እያወቁ በዚያ ሕንፃ ሥር ስንት ዓመት ሲሰግዱ እንደኖሩ ልጄ አላሰበችም። እትዬ ዘይነባ ግን አንሶላውን በመርፌው ልክ አዞሩት። «ጥሩ አድርገሽ አሳየሽኝ» አሏት። እኔ ወደ መስኮቱ ሄድኩ፤ ዓይኔ እንዳይታይብኝ።

የፈተናው ቀን ባለቤቴ ከመንገድ ተመልሶ ነበር። ምሕረትን አዝሎ አወረዳት፣ ባጃጅ ይጠብቀን ነበር። እትዬ ዘይነባ ሱቃቸው በር ላይ ቆመው ካርቶኗን አሳዩአት። «ይህችን አያስገቡልሽም። መዳፍሽ አለልሽ።» ከሰዓት በኋላ ስትመለስ ልጄ ከባጃጁ ሳትወርድ ነበር የጮኸችው፦ «እማዬ! ከተለጠፈው ገጽ መጣ!» ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እትዬ ዘይነባ በአፋቸው ላይ እጃቸውን ጭነው ሲስቁ አየኋቸው።

ሰኔ ሳያልቅ ሱቁን ለቀቁ። ሐኪም ቤት ደርሰው ተመልሰው ነበር፤ ምን እንዳሏቸው አልነገሩኝም። «ወንድሜ ጋ፣ አገሬ ልሂድ» አሉ። ካርቶኗን ለምሕረት ሰጧት። ለእኔ ደግሞ አንድ አደራ። «ውጤቱ ሲመጣ ሳልጠይቃችሁ ንገሩኝ። ዕድሜ ልኬን ጠያቂ ነበርኩ፤ ይህንን እንኳ ሳልጠይቅ ልስማ።»

ውጤቱ በስልክ የታየው ቅዳሜ ነው። ምሕረት ጥሩ ውጤት አምጥታ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች ይላል። ልጄ «ለቲቸር እንንገራቸው» አለች። እኔ ግን የአባቷ ስም ላይ አንድ ፊደል ተሳስቶ አየሁ። የሌላ ልጅ ቢሆንስ? ተሳስቼ አስደስቼ መልሼ ባሳዝናቸውስ? ማኅተም ያለበትን ወረቀት ከትምህርት ቤቱ ልያዝና ነው አልኩ። ሰኞ ርእሰ መምህርቷ አልነበሩም። ማክሰኞ መብራት አልነበረም፣ ማተም አልተቻለም። ረቡዕ ወረቀቱን ያዝኩ። የእሷ ነው። ቅዳሜም የእሷ ነበር። ረቡዕ በአሥር ሰዓት፣ መካኒሳ አቦ ጋ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ጻፍኩላቸው፦ «እትዬ፣ ምሕረት ሰባተኛ ክፍል ገባች። ሳይጠይቁ ይኸው ነገርንዎ። ያን ቀን ለጠየቁኝ ጥያቄ መልሴ አዎ ነበር። አሁን ግን አይደለም።»

ሐሙስ ንጋት ላይ አረፉ።

አራት ቀን። ጥንቃቄ ብዬ የያዝኩት አራት ቀን።

ሰው የሞተበት ሰው ለቅሶ ይቀመጣል። እኔ የት ልቀመጥ? ቤተ ክርስቲያን ማንም አያውቃቸውም። አስቴርን «መምህራችን ሞቱ» ብላት «የየትኛው ቤተ ክርስቲያን መምህር?» አለችኝ። በእኛ እምነት ለሞተ ሰው አይጸለይም፤ ስለዚህ ስንበረከክ ስማቸውን አፌ ላይ አድርሼ እመልሰዋለሁ፤ ለቀሩት ዘመዶቻቸው መጽናናትን ለምኜ እነሳለሁ። የሱቁን በር ሌላ ሰው ተከራይቶታል፤ የሞባይል ሽፋን ይሸጥበታል። ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው። ምሕረት ሳታየኝ አንዳንድ ከሰዓት በኋላ በሩን እከፍትና ጆሮዬን ብረቱ ላይ አደርጋለሁ። ብረቱ ሁሉንም ያመጣል፤ የሚወርድ ልጅ፣ ባልዲ፣ የሚዘጋ በር።

አሁን ልመናዬ። በዚያ ረቡዕ ከአሥር ሰዓት በኋላ እትዬ ዘይነባ አጠገብ የነበራችሁ ሰዎች፤ ውሃ ያጠጣችኋቸው፣ ትራሳቸውን ያስተካከላችሁ፣ ያቺን ትንሿን ባለ ቁልፍ ስልክ በእጃችሁ የያዛችሁ። ቁጥሬ እዚያ ውስጥ «የምሕረት እናት» ተብሎ ተመዝግቧል። መልእክቱ ተነብቦላቸው ነበር? ሰምተው ነበር?

ልታጽናኑኝ ብላችሁ አትመልሱልኝ። እኔን ደስ የሚለኝን አታስቡ፤ የሚያሳዝነኝንም አትፍሩ። እሳቸው እንዳስተማሩን ምርጫዎቹን ሸፍኑና፣ መጀመሪያ በዓይናችሁ ያያችሁትን ንገሩኝ።